ደን ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው፦ ስለ ደንና ስለ አካባቢ ለውጥ ጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደን ውስጥ ገብተን ስንቆም ሁሉም ነገር ባለበት ያለ ይመስላል። ዛፉ ትናንትም እዚሁ ነበር፣ ነገም እዚሁ ነው። ግን ሙቀቱ ከፍ ሲል፣ ዝናቡ ሲዛባ፣ አየሩ ሲበከል ደኑ ዝም አይልም። ምላሽ ይሰጣል። ምላሹ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነው ለዓይናችን የማይታየን። አንዳንዱ ዐሥር ዓመት ይፈጃል፣ አንዳንዱ የሰው ዕድሜ። ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች ምን እንደሚሠሩና እስካሁን ምን እንዳገኙ፣ ብዙ ጊዜ ከሚነሱ ጥያቄዎች ተነስቼ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የደን ሥርዓተ ምህዳር ሲባል ዛፎቹን ማለት ነው?

ዛፎቹ ዋናዎቹ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም። አፈሩ፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች፣ ነፍሳቱ፣ ወፎቹ፣ የወደቀው ግንድ፣ በሥሩ የሚያልፈው ውሃ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ሥርዓተ ምህዳር የሚባለው።

አንዲት ቅጠል ረግፋ መሬት ስትነካ ታሪኳ አላለቀም። ነፍሳት ይቆራርጧታል፣ ፈንገስ ያበሰብሳታል፣ በውስጧ የነበረው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ወደ አፈር ይገባል። ከዚያ ሥር መልሶ ይወስደዋል። በሌላ ዓመት ሌላ ቅጠል ይሆናል። የደን ተመራማሪ ሥራም ከዚህ ይነሳል። ምን ገባ? ምን ወጣ? ምን ቀረ? ልክ እንደ ሒሳብ መዝገብ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምገማ የዓለም ደን 4.06 ቢሊዮን ሔክታር ገደማ ነው። ይህ የየብሱን 31 በመቶ ይሆናል። ይህን ሁሉ በእግር ዞሮ መመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ የተመረጡ ቦታዎች ላይ በደንብ ይለካል፤ የቀረው በሳተላይትና በስሌት ይሞላል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚለካው?

መሠረቱ ሜትር ነው። እውነቴን ነው። ውድ ውድ መሣሪያዎች ቢኖሩም የደን ሳይንስ ትልቁ ክፍል የቆመው አንድ ሰው ግንድ ዙሪያውን በለካበት ሜትር ላይ ነው። የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የደረት ቁመት ይሉታል። ዛፉ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፣ የተለካበት ቦታ በቀለም ይሰመራል። ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና ያንኑ ዛፍ ያንኑ መስመር ላይ ይለካል። ማን አደገ፣ ማን ሞተ፣ ማን አዲስ በቀለ የሚለው የሚታወቀው እንዲህ ነው።

በፓናማ ባሮ ኮሎራዶ በምትባል ደሴት ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ሥራ ይሠራል። ቦታው 50 ሔክታር ነው። ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር የደረሰ እንጨት ሁሉ ይቆጠራል፣ ይለካል፣ ዝርያው ይጻፋል። በአንድ ዙር ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ግንድ ማለት ነው። እርሳስ የምታህለው ሁሉ ስሟ መዝገብ ላይ አለ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለእነዚያ ቆጣሪዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ትንኝ፣ ከዚያ ደግሞ የቁጥር መዓት።

ሁለተኛው መንገድ ማማ ነው። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ የሚወጣ የብረት ማማ ይተከላል። ላዩ ላይ ያለው መሣሪያ የአየሩን ሽውታና በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይለካል። ቀን ላይ ደኑ ጋዙን ወደ ውስጥ ሲስብ፣ ማታ ሲያስወጣ ይታያል። በብራዚል አማዞን ውስጥ በ2015 ተሠርቶ ያለቀ 325 ሜትር ማማ አለ። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚለካው አየር ከሩቅ አካባቢ የመጣውን ሁሉ የያዘ ነው።

ሦስተኛው ከላይ ነው። በ2018 መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከ አንድ መሣሪያ የሌዘር ብርሃን ወደ ምድር ይልካል። ብርሃኑ ቅጠል ነክቶ፣ ቅርንጫፍ ነክቶ፣ መሬት ነክቶ ሲመለስ በሚፈጀው ጊዜ የዛፎቹ ቁመት ይሰላል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሳተላይት ብቻውን ዛፉ ስንት ኪሎ እንደሆነ አያውቅም። መሬት ላይ በሜትር የተለካው ቁጥር ነው ለሳተላይቱ ትርጉም የሚሰጠው።

የዛፍ ቀለበትስ? ምን ያህል ይታመናል?

በትክክለኛው ቦታ ከተወሰደ በጣም ይታመናል። አወሳሰዱን ላሳያችሁ። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ አለ። በእጅ እየተሽከረከረ ከቅርፊቱ ወደ መሐል ይገባል። ሙጫ ያለው ዛፍ ከሆነ ሽታው ወዲያው ያውዳል። ከዚያ በቀጭን ምላስ መሳይ ብረት የእርሳስ ውፍረት ያላት እንጨት ትወጣለች። ዛፉ አይሞትም፤ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። እንጨቷ ትደርቃለች፣ እንደ ክብሪት እንዳትሰበር ጣውላ ላይ ትለጠፋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት እስክታበራ ትፈገፈጋለች። ያኔ መስመሮቹ ይወጣሉ። ነጣ ያለው ዛፉ በፍጥነት ያደገበት ወቅት ነው፤ ጠቆር ያለው ቀስ ያለበት። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ዓመት።

ሰፊ ቀለበት የተመቸ ዓመት ነው። ጠባብ ቀለበት ደግሞ ድርቅ፣ ቅዝቃዜ ወይም ቅጠል የጨረሰ ነፍሳት። አንድ ዛፍ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ጎረቤቱ ጋርዶት ይሆናል የጠበበው። ለዚህ ነው ከብዙ ዛፎች ተወስዶ የሚነጻጸረው። ሃያ ዛፍ በአንድ ዓመት አብረው ከጠበቡ ነገሩ የአየሩ ነው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነጭ ተራሮች ላይ ያሉ ብሪስልኮን የሚባሉ ፓይኖች አሉ። አንዱ ከ4,800 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንደነዚህ ካሉ ዛፎችና ሞተው ከቀሩ ግንዶቻቸው ነው የሺህ ዓመታት የአየር ታሪክ የተነበበው። ብዙ ጊዜ የማይሳካው ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ በሆነ ደን ውስጥ ነው። ዛፉ ዕረፍት ስለሌለው ቀለበቱ አይለይም።

ጥናቱ ለምን ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ዓመት አይበቃም?

ለዚህ ከምሰጠው መልስ ሁሉ አንድ ምሳሌ ይበልጣል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሃርቫርድ ፎረስት በሚባል ደን ውስጥ ተመራማሪዎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ አፈር ውስጥ ቀበሩ። ጥልቀቱ 10 ሴንቲሜትር። ከ1991 ጀምሮ አፈሩን ከአካባቢው በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቁት። ጥያቄው ቀላል ነበር። አፈር ሲሞቅ በውስጡ ያለው ካርቦን ይወጣል ወይ?

የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት በብዛት ወጣ። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሙቀቱን አግኝተው ያገኙትን በሉ። ከዚያ ለ7 ዓመት ያህል ነገሩ ቆመ። የሞቀው አፈርና ያልሞቀው አፈር እኩል ሆኑ። «ቀላሉ ምግብ አለቀ፣ ጉዳዩ አበቃ» ማለት ይቻል ነበር። አላበቃም። እንደገና መውጣት ጀመረ። የተሕዋስያኑ ማኅበረሰብ ራሱ ተለውጦ ቀድሞ የማይበላውን ጠንካራ ነገር መብላት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ደግሞ መውጣቱ ቀነሰ። የ26 ዓመቱ ውጤት በ2017 ሲታተም ከላይኛው 60 ሴንቲሜትር አፈር 17 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ወጥቷል።

እስቲ አስቡት። ጥናቱ በ10 ዓመቱ ቢቆም አንድ መልስ፣ በ17 ዓመቱ ቢቆም ሌላ መልስ ነበር የሚገኘው። ሁለቱም በቅንነት የተለኩ፣ ሁለቱም ጎዶሎ። ለደን ጥናት የሚመደብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ዓመት የተቆረጠ መሆኑ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዛፍ ምግብ ነው። ሲበዛ ደን አይጠቅመውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም «እንደ ደኑ ነው» የሚል ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ቅጠል ይህን ጋዝ ሲያገኝ ብዙ ስኳር ይሠራል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዛፍ በስኳር ብቻ አያድግም። ናይትሮጂን ይፈልጋል፣ ፎስፈረስ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ የተቀረው ቢትረፈረፍ ዋጋ የለውም።

ይህን ለመፈተን ሰዎች የሚገርም ነገር ሠርተዋል። ደን ውስጥ በክብ የተተከሉ ቧንቧዎች አቁመው መሐል ባሉት ዛፎች ላይ ጋዙን ይለቃሉ። ጣሪያ የለም፣ ግድግዳ የለም፤ ዛፉ በዝናቡና በነፋሱ ውስጥ እንዳለ ነው። በአሜሪካ ቴነሲ ኦክ ሪጅ ላይ በተሠራው ሙከራ መጀመሪያ ላይ እድገቱ 24 በመቶ ብልጫ ነበረው። በ2008 ግን ወደ 9 በመቶ ወረደ። አፈሩ ናይትሮጂን አጥሮት ነው። በአውስትራሊያ ሲድኒ አቅራቢያ በፎስፈረስ ድሃ በሆነ አፈር ላይ ያለ የባሕር ዛፍ ደን ደግሞ የባሰ ነው። ዛፎቹ ተጨማሪ ካርቦን ወሰዱ፣ ግንዳቸው ግን አልወፈረም። የወሰዱት አብዛኛው በአፈሩና በሌላው የደኑ አካል ትንፋሽ ተመልሶ ወጣ።

ይህን ሰምታችሁ «በቃ አይሠራም» እንዳትሉ። በማዕከላዊ እንግሊዝ 180 ዓመት ገደማ ባላቸው የኦክ ዛፎች ላይ ከ2017 ጀምሮ ጋዝ ሲለቀቅ እንጨት የማምረት ፍጥነታቸው በ9.8 በመቶ ጨምሯል። ያረጀ ዛፍ አይመልስም ተብሎ ይታሰብ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች መለሱ።

ዛፍ በድርቅ የሚሞተው እንዴት ነው? ይጠማዋል እንዴ?

በአንድ መልኩ አዎ። በግንዱ ውስጥ ከሥር እስከ ቅጠል የሚደርሱ ከፀጉር የቀጠኑ የውሃ ቧንቧዎች አሉ። ውሃው የሚወጣው ከላይ በመሳብ ነው። ከቅጠሉ ውሃ ሲተን የታችኛው ይጎተታል፤ እንደ ገመድ ተያይዞ። አፈሩ ሲደርቅ ገመዱ ይወጠራል። በጣም ሲወጠር ይበጠሳል፤ ቧንቧው ውስጥ የአየር አረፋ ይገባና ይዘጋዋል። ይህ የሚሰማ ነገር ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ በመሣሪያ ይቀረጻል። የተጠማ ዛፍ ግንዱ ላይ ያ መሣሪያ ቢደረግ ድምፁ አንድ በአንድ ይመዘገባል።

ዛፉ ራሱን ለማዳን በቅጠሉ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ትነቱ ይቀንሳል። ግን ካርቦን የሚገባውም በዚያው በር ነው። በሩ ተዘግቶ ከቆየ ምግብ መሥራት ያቆማል። ክፍት ካደረገ ይደርቃል፣ ከዘጋ ይራባል። ጭንቅ ነው።

የትኛው ነው የሚገድለው የሚለውን ለማየት በብራዚል ካሽዋና በሚባል የአማዞን ደን ከ2002 ጀምሮ አንድ ሔክታር ላይ ከዛፎቹ ሥር የፕላስቲክ መከለያ ተዘረጋ። ከሚወርደው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደረገ። መጀመሪያ ላይ ደኑ ምንም አልሆነም። ከዚያ ትልልቆቹ ዛፎች መሞት ጀመሩ። ትንንሾቹ አይደሉም፤ ግዙፎቹ። ውሃውን ያን ያህል ከፍታ ማውጣት ስላለባቸው ገመዳቸው ቀድሞ ይበጠሳል። ጥናቱ ያሳየውም ዋናው ገዳይ የውሃ ቧንቧው መቋረጥ መሆኑን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በሆነው ጊዜ ደኑ ከጠቅላላ ክብደቱ ከሲሶ በላይ አጥቷል። ይሁንና በኋላ ተረጋጋ። ተፎካካሪ ስለቀነሰ የተረፉት ዛፎች የሚደርሳቸው ውሃ በቃቸው። ደኑ አልጠፋም፤ አንሶ ቀጠለ። ለእኔ ይህ ተስፋም ሐዘንም ያለው ውጤት ነው።

ደን የምድር ሳንባ ነው ይባላል። ኦክስጅናችንን የሚሰጠን እሱ ነው?

አይደለም። ያረጀ ደን ቀን የሚያወጣውን ኦክስጅን ያህል ራሱና በውስጡ ያሉት ፍጥረታት መልሰው ይጠቀሙበታል፤ የሞተ እንጨት ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል። ተጣርቶ የሚቀረው ከዜሮ ብዙ አይርቅም። የደን ትልቁ ውለታ ሌላ ነው። ካርቦን ይዞ መቆየቱ፣ ውሃን ወደ ሰማይ መልሶ ዝናብ ማድረጉ፣ አካባቢን ማቀዝቀዙ ነው።

ታዲያ ደን ካርቦን መምጠጡን አንድ ቀን ያቆማል?

በዓለም ደረጃ ሲታይ እስካሁን አላቆመም። በ2024 የወጣ ትልቅ የመስክ መረጃ ትንተና እንደሚለው የዓለም ደኖች በ1990ዎቹም ሆነ በ2010ዎቹ በየዓመቱ 3.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይወስዱ ነበር። ድምሩ አልተነቃነቀም። ውስጡ ሲታይ ግን ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ያልተነኩት የሐሩር ደኖች የሚወስዱት 31 በመቶ ቀንሷል፤ በብዛት የቀነሰውም ደኑ ራሱ ስለተመነጠረ ነው። የሰሜኑ ቀዝቃዛ ደን 36 በመቶ ቀንሷል። ያንን ያካካሱት በመካከለኛው የአየር ንብረት ያሉ ደኖችና ተቆርጠው እንደገና የበቀሉ የሐሩር ደኖች ናቸው። አንዱ ኪስ ሲጎድል ሌላው ሞላ ማለት ነው።

ከዚህ በፊት በ2015 ስለ አማዞን የታተመ ጥናትም ይህን ጠቁሞ ነበር። በሜትር ከሚለኩት ቋሚ ቦታዎች የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው የዛፎች ሞት እየጨመረ፣ የሚወሰደው ካርቦን ከ1990ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በ2000ዎቹ በሲሶ ያህል ቀንሷል። የአፍሪካ የሐሩር ደኖች ደግሞ እስከ 2015 ድረስ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ሳይቀንሱ ቆይተዋል። ለምን ተለያዩ? የአፍሪካዎቹ ደኖች በአማካይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላሉ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ዛፎቻቸውም ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ሞቱ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም የሚል ስጋት ግን አለ።

አንድ ደን ከወሳጅነት ወደ ሰጪነት ሲገለበጥ ማየት ከፈለጋችሁ ብሪቲሽ ኮሎምቢያን እዩ፤ የካናዳ ግዛት ናት። የፓይን ጥንዚዛ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነች። ቅርፊቱን በስታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እጮቹ ዙሪያውን ይቦርቡራሉ፣ ዛፉ ይሞታል። ድሮ እጮቹን የሚገድላቸው ለቀናት የሚቆይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ ብርድ ነበር። የብርዱ ወቅት ለዘብ ሲል ያ ኃይለኛ ብርድ ቀረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተነሳው ወረርሽኝ 18 ሚሊዮን ሔክታር ገደማ አዳረሰ። የሞቱት ዛፎች ሲበሰብሱ ደኑ ካርቦን የሚሰጥ ሆነ። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ልዩነት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለዚህች ጥንዚዛ ንገሩት።

የተሻሻለ ነገር የለም? ሁሉም መጥፎ ዜና ነው?

አለ፤ እኔም ይህን ማንሳት ደስ ይለኛል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ሃባርድ ብሩክ የሚባል የጥናት ደን አለ። ከ1963 ጀምሮ በዝናብ የገባውና በጅረት የወጣው ነገር በየጊዜው ይመዘገባል። ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ ጭስ የሚመጣው የአሲድ ዝናብ በዚያ የዓለም ክፍል ጎልቶ የታወቀው እዚያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። አሲዱ ካልሲየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ ሜፕል የሚባለው የአካባቢው ዛፍ ይታመማል። መረጃው ሕግ ሲወጣ እንደ ማስረጃ ቀረበ። በ1990 የአየር ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ የጭሱ አሲድ በግልጽ ቀነሰ።

ዝናቡ ቢጸዳም አፈሩ ግን ወዲያው አላገገመም። ተመራማሪዎቹ በ1999 በሄሊኮፕተር ካልሲየም ያለው የተፈጨ ማዕድን አንዱ ተፋሰስ ላይ በተኑ። ዓመታት ሲያልፉ የሜፕሎቹ ጤና ተሻሻለ፣ ችግኞቻቸውም በዙ። ጭሱን ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ከአፈሩ የተወሰደው መመለሱ ሌላ ነገር ነው።

ሙቀቱ ሲጨምር ዛፎች ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አይሄዱም?

ዛፉ አይሄድም፤ ዘሩ ነው የሚሄደው። ነፋስ ወይም ወፍ ይወስደዋል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይበቅላል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያሉት ሳይተኩ ይሞታሉ። በፔሩ አንዲስ ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናት የዛፍ ወገኖች በዓመት ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ከፍታ እንደሚወጡ አሳይቷል። ሙቀቱ ከሚጠይቀው ፍጥነት ግን ያነሰ ነው። ተራራውም ጫፍ አለው።

ዛፎች በፈንገስ መረብ ይነጋገራሉ የሚባለው እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር ከፈንገስ ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ፈንገሱ ውሃና ፎስፈረስ ያመጣል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍለዋል። ይህ የሚያከራክር አይደለም። በ1997 የታተመ አንድ ታዋቂ የመስክ ሙከራ በሁለት የዛፍ ዝርያዎች መካከል ካርቦን እንደተላለፈ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ታሪኩ ከማስረጃው ቀድሞ ሮጠ። እናት ዛፍ ልጇን ታጠባለች፣ ዛፎች አደጋ ይጠቋቆማሉ የሚለው በደን ውስጥ ያለው ማስረጃ ስስ መሆኑን በ2023 የወጣ ግምገማ አሳይቷል። ካርቦኑ በፈንገስ ክር ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ አልፎ ሊሆን ይችላል። ደስ የሚል ታሪክ መሆኑ አይካድም። ግን እውነተኛው የፈንገስና የሥር ንግድ ራሱ የሚያስደንቅ ስለሆነ ማጋነን አያስፈልገውም።

የተመነጠረ ደን ይመለሳል? ችግኝ መትከልስ በቂ ነው?

ይመለሳል፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይመለስም። በላቲን አሜሪካና በምዕራብ አፍሪካ 77 ቦታዎች ላይ ተሰብስቦ በ2021 የታተመ ጥናት አለ። የሐሩር ደን መሬቱ ከተተወ በኋላ አፈሩ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ያገግማል። የደኑ ቅርጽ ከ25 እስከ 60 ዓመት ይፈልጋል። ጠቅላላ ክብደቱና የዝርያዎቹ ስብጥር ግን ከ120 ዓመት በላይ። ስለዚህ 20 ዓመት የሆነው ደን ሲታይ አረንጓዴና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲቆጠር ግን ብዙዎቹ ነባር ዝርያዎች ገና አልመጡም።

ዙሪያው ተመንጥሮ የቀረ ቁራጭ ደንም እንደ ድሮው አይኖርም። በብራዚል ማናውስ አቅራቢያ ከ1979 ጀምሮ 1፣ 10 እና 100 ሔክታር የሆኑ ቁራጮች ይጠናሉ። ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ከዳር ይገባል። ከዳሩ በ300 ሜትር ውስጥ ያሉ ትልልቅ ዛፎች መሐል ካሉት በሦስት እጥፍ ገደማ ፍጥነት ይሞታሉ።

ችግኝን በተመለከተ ቁጥሩ ሳይሆን ዝርያውና ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ነው ወሳኙ። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና በተሠራ ትልቅ ሙከራ 16 ዝርያ ተቀላቅሎ የተተከለበት ቦታ ከ8 ዓመት በኋላ አንድ ዝርያ ብቻ ከተተከለባቸው ቦታዎች አማካይ ከእጥፍ በላይ ካርቦን ይዞ ተገኝቷል። አንዱ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፣ ሌላው ጥላ ይችላል፤ እየተደጋገፉ ያድጋሉ።

ሰደድ እሳት ለደን ሁልጊዜ ጠላት ነው?

አይደለም። ሎጅፖል የሚባለው ፓይን ዘሩን በሙጫ በታሸገ ፍሬ ውስጥ ይይዛል። እሳቱ ሙጫውን ሲያቀልጠው ፍሬው ይከፈታል። በ1988 የአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ ሲሶ ያህሉ ነድዶ ነበር፤ ደኑ ግን በራሱ ተመለሰ። ችግሩ የመጣው በ2016 ነው። ያ ወጣት ደን ገና 28 ዓመቱ ሳለ እንደገና ነደደ። ዛፎቹ በቂ ዘር አላጠራቀሙም ነበር፤ የበቀለው ችግኝም በጣም ቀነሰ። እነዚህ ዛፎች የለመዱት በ100 እና በ300 ዓመት መካከል የሚመጣ እሳት ነው። እሳቱ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው የጎዳቸው።

ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው ሊያግዝ ይችላል?

ይችላል፤ ሲያግዝም ኖሯል። በእንግሊዝ ኖርፎክ አንድ ባለ ርስት በ1736 የዛፎችን ቅጠል ማውጣትና የወፎችን መምጣት መመዝገብ ጀመረ። ቤተሰቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ቀጠለው። ዛሬ ተመራማሪዎች ጸደይ ምን ያህል እንደቀደመ ሲያሰሉ ያንን መዝገብ ያያሉ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው አንድ ዛፍ ይምረጥ። ከመሬት 1.3 ሜትር ይለካና በቀለም ቀጭን መስመር ያስምር። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ወገን ይለካ። ሜትሩን አግድም ያዙሩ፤ ሐረግ ወይም የተላጠ ቅርፊት ከሥሩ እንዳይገባ በእጅ ይጠረግ። ዙሪያውን በሚሊሜትር ይጻፍ፣ ቀኑንም ይጻፍ። ዛፍ ዝናብ ጠጥቶ ትንሽ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ቢቻል ጠዋት ይለካ። ቅጠሉ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንዳበበ፣ መቼ እንደረገፈ በዚያው ደብተር ላይ ይታከል። ደብተሩ ላይ የዛፉ ቦታ በደንብ ይገለጽ፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣው ለኪ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።